ባሉጥና ኮምጣጢት

መድፍ ገና ለሰው ጆሮ እንግዳ በነበረበት፣ የሹም ቃል በብራና ተጽፎ በሰም በሚታተምበት ዘመን፤ ከተማዪቱ በአዲሱ ገዥ እጅ በገባች በሁለተኛው ዓመት፣ በጸደይ መባቻ፣ በዕለተ ማክሰኞ ማለዳ፣ ሁለት ሣጥኖች በገዥው ግቢ በር ገቡ። አንደኛው ከጎረቤት አገር መስፍን የተላከ ነበር፤ በውስጡ እርጥብ አሸዋ ተሞልቶ፣ በአሸዋው መካከል አርባ የባሉጥ ዛፍ ፍሬ ተቀብሯል። ሁለተኛው ከገዥው እኅት ከእመቤቲቱ የመጣ ነው፤ ባለ ሦስት ቅጠሏን፣ ስትቀመስ ምላስ የምትቆነጥጠውን፣ ሰው ኮምጣጢት የሚላትን የጫካ ተክል ከነአፈሯ ይዟል። ዘቦቹ ሁለቱንም ሣጥኖች በጦራቸው ጫፍ እየጎረጎሩ ፈተሹ፤ በዚያ ወራት ቅጠልም ቢሆን ሳይፈተሽ አይገባም ነበርና።

የግቢው የአትክልት ሹም ሽማግሌ ነበር። እናት አባቱ ያወጡለትን ስም የሚያስታውስ ጥቂት ነው፤ ግቢው በሙሉ «አባ መኮትኮቻ» ይለዋል፤ መሣሪያው ከእጁ ስለማይለይ ሲተኛም አቅፎት ነው እያሉ ሠራተኞቹ ይቀልዱበታል። የቀድሞውን ገዥ ሃያ ስምንት ዓመት አገልግሏል። እሳቸው ሸሽተው አዲሱ ገዥ ሲገቡ ጸሐፊዎቹም ወጥ ቤቶቹም ተባረሩ፤ እሱ ብቻ ቀረ። «ጽጌረዳ ለጌታ አታዳላም፤ የሚኮተኩታትም እንደዚያው ነው» ብሎ ነበር ያን ጊዜ የግቢው አዛዥ። አባ መኮትኮቻ ይህን ቃል እንደ ምሕረት አልቆጠረውም፤ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚል ሰው ነውና፣ ከዚያች ቀን ወዲህ የአዛዡን ፈገግታ ባየ ቁጥር ወደ እግሩ ሥር መመልከት ልማዱ ሆነ።

አዛዡ ረጅም፣ ጥፍሩን የሚንከባከብ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። ሹሙንና ምክትሉን በሣጥኖቹ ፊት አቆማቸው።

«የመስፍኑን ስጦታ ብንተው መስፍኑ ይቀየማሉ፤ የእመቤቲቱን ብንተው እመቤቲቱ ይቆጣሉ» አለ። «ጌታችን ግን አንዱን ብቻ ነው የሚፈልጉት፤ ባለሙያ ይከራከርበት ብለዋል። ቅዳሜ በሸንጎው ፊት አንዳችሁ ስለ ባሉጥ፣ አንዳችሁ ስለ ኮምጣጢት ትናገራላችሁ። የሚተከለው እዚያ ነው።»

በጣቱ ያሳየው ከአዳራሹ መስኮት ፊት ለፊት ያለውን ባዶ መደብ ነበር። አባ መኮትኮቻ መኮትኮቻውን ተደገፈ።

ከዚያ መደብ ሥር አንድ ልጁ ተኝቷል። ልጁ የቀድሞው ገዥ ዘበኛ ነበር፤ ዘበኞቹ በአንገትጌያቸው ላይ ከብር የተሠራ የባሉጥ ቅጠል ያደርጉ ነበር። ከተማዪቱ በተያዘች ዕለት ቆስሎ፣ በአጥሩ ሾልኮ፣ መሣሪያ ቤት ውስጥ በአባቱ ጭን ላይ ሞተ። በማግስቱ አዋጅ ነጋሪው «የከዳተኞች ሬሳ ገደል ይጣል፤ ቀብሮ የተገኘ ፍርዳቸውን ይካፈል» እያለ በየመንገዱ ዞረ። አባት ልጁን ለገደል አሞራ አልሰጥም አለ። በስውር የሚቆፍር ይጠረጠራል፤ አትክልተኛ በጠራራ ፀሐይ ቢቆፍር ግን ማን ምን ይለዋል? ለኖራ ማብላሊያ ነው ብሎ፣ በሰው ዓይን ፊት ቆፈረ፤ ልጁን በእጅ ጋሪ ጭኖ፣ በደረቅ ቅጠል ሸፍኖ አመጣው። ጉድጓዱ ወገቡ ጋ ሲደርስ ጉልበቱ ከዳው፤ ከዚያ በላይ ሊያጠልቀው አልቻለም። ከዚያ ወዲህ «ይህ መሬት ታሟል፤ ይረፍ» እያለ ሁለት ዓመት ባዶውን አቆየው። የሚያውቁት እሱና ሚስቱ ብቻ ናቸው፤ ቢያንስ እሱ እንደዚያ ያምን ነበር።

በዚያ ግቢ ትልቅ ዛፍ የሚተከልበት ሕግ አለ። ጉድጓዱ በቅድሚያ የአንድ ሰው ቁመት ያህል ይቆፈራል፤ አፉን ከፍቶ ፀሐይና ዝናብ ይፈራረቅበታል፤ ችግኙ በሌላ ቦታ አድጎ ይመጣና ይገባበታል። ሕጉን ያወጣው ራሱ አባ መኮትኮቻ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሲያስተምረው ኖሯል፤ ያልሰማን ተማሪ በጆሮው ጎትቶ ያሰማ ነበር። ስለዚህ ባሉጥ የሚለውን ቃል ሲሰማ የታየው ዛፉ አልነበረም፤ ጉድጓዱ ነበር። ኮምጣጢት ግን አንድ ጣት ጥልቀት የሚበቃት ተክል ናት።

«ስለ ኮምጣጢት የምናገረው እኔ ነኝ» አለ ፈጥኖ።

ምክትሉ ቀና ብሎ አየው። ይህ ሰው የአርባ ዓመት ጎልማሳ ነው፤ ሥራውን የተማረው ከአባ መኮትኮቻ ሲሆን፣ ቃል ከአፉ በመከራ ስለሚወጣ «ዝምታው» ይሉታል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ እውነት ነው፤ ግን ዝም ያለ ሰው ልብ ውስጥ ምን እንደገባም አይታወቅም። አዛዡ እንደሄደ ወደ ሽማግሌው ጠጋ አለ።

«አባባ፣ ባሉጡ የሚሻል ይመስለኛል። ለእርስዎም።»

«ለእኔ? ለእኔ ባሉጥ ምኔ ነው?»

«ባሉጥ የቆመበትን መሬት ማንም አይነካውም» አለ ዝምታው፤ ይህን ብሎም መደቡን ለአፍታ ተመለከተና ሄደ።

ለአፍታ ነው ያየው፤ ያቺ አፍታ ግን ለሽማግሌው በቃችው። ያውቃል ማለት ነው! ካወቀ ደግሞ ከመቼ ጀምሮ? ካወቀስ ለምን ዝም አለ? ዋጋው እስኪወደድ የሚጠብቅ ነጋዴ ይሆን? እነዚህን ጥያቄዎች ይዞ ቤቱ ገባ፤ ምሳው ቀርቦለት ሳይነካው ለሚስቱ ነገራት።

«ሂድና ጠይቀዋ!» አለችው ሚስቱ። «ልጃችን እያለ ከቤታችን ጠፍቶ የማያውቅ ሰው ነው።»

«ልጠይቀው? ካላወቀስ? እኔው በገዛ አፌ ነገርኩት ማለት አይደለም?»

«ካወቀስ?»

«ካወቀማ መጠየቄ ምን ይጠቅመኛል!»

«ሌባ እናት ልጇን አታምንም አሉ» አለች እያዘነች፤ «የደበቅነው እኛ፤ የምንጠረጥረው ሌላውን።»

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለውንስ ረሳሽው?» አለና ተነሣ። ሚስትየው ምሳውን እንዳለ ከደነችው።

ሰው አንድ ጊዜ መጠርጠር ከጀመረ ማስረጃ አያጣም። ረቡዕ ዝምታው ከአዛዡ ጸሐፊ ጋር በር ላይ ቆሞ ሲነጋገር ታየ፤ ስለ ሰውየው የጥርስ ሕመም ይሁን ስለ ሌላ ማን ያውቃል? ሐሙስ መደቡን በገመድ ሲለካ ዋለ። ዓርብ ጠዋት ባሉጡ የሚቆምበትን ቦታ ለማመልከት አንዲት ካስማ ተከለ። ካስማዋን ሲያይ የአባ መኮትኮቻ ጸጉር ቆመ፤ መደቡ ያን ያህል ሰፊ ሆኖ ሳለ፣ የተተከለችው ከልጁ ራስጌ ሦስት እርምጃ ፈቀቅ ብላ ነበር። በአጋጣሚ ከራስጌው ሦስት እርምጃ ፈቀቅ የሚል የለም፤ ይህ ሰው የሬሳውን ራስና እግር ለይቶ ያውቃል፤ እንደማውቅ እወቅ እያለኝ ነው፤ ብሎ ደመደመ። ወዳጅ ቢሆን ኖሮም እንዲሁ ከመቃብሩ ራቅ አድርጎ ይተክል እንደነበር ለአንዲት ቅጽበት እንኳ አልታሰበውም።

ቅዳሜ ሸንጎው ተሰየመ። ገዥው ከከፍታው ላይ ተቀምጠው፣ እመቤቲቱ በቀኛቸው፣ አዛዡ ከበስተኋላ ቆሞ፣ ሁለቱ ተክሎች በጠረጴዛ ላይ ቀረቡ። አባ መኮትኮቻ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና ጀመረ።

«ጌታዬ፣ ባሉጥ ክቡር ዛፍ ነው፤ አልክድም። ግን ባሉጥ የተከለው ሰው በጥላው አይቀመጥም፤ የልጅ ልጁ ነው የሚቀመጠው። ሥሩ እያደር የአዳራሹን መሠረት ይገፋል፤ ቅርንጫፉ የመስኮቱን ብርሃን ይጋርዳል፤ ቅጠሉ በየዓመቱ ሲረግፍ አሥር ሰው ጠርጎ አይጨርሰውም። ኮምጣጢትን ይዩዋት። ዘንድሮ ተተክላ ዘንድሮ መሬቱን ታለብሰዋለች። አበባዋ ትንሽ፣ ነጭ፣ ደም ሥር የመሰለ ሐምራዊ መስመር ያለባት ናት። ዝናብ ሲመጣና ሲመሽ ቅጠሏን እጥፍ አድርጋ ትተኛለች፤ ሲነጋ ትገልጣለች። ጉድጓድ አትፈልግም፤ ግንበኛ አትፈልግም፤ አፈሩን በጣት ገለጥ አድርጎ ማስቀመጥ ብቻ ነው።»

እመቤቲቱ ደስ ብሏቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። አዛዡ ግን አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣ።

«አንድ ነገር ልጠይቅ። እመቤቴ እንደነገሩኝ ይህቺ ቅጠል የተነቀለችው ከጫካ፣ ከጥላ ሥር ነው። ያ መደብ ደግሞ ከረፋድ እስከ ማታ ፀሐይ ይቀጠቅጠዋል። የሠላሳ ዓመት አትክልተኛ ይህንን ሳታውቅ ቀርተህ ነው?»

ሽማግሌው ያውቃል፤ ከማንም ይልቅ ያውቃል። የጥላን ተክል ፀሐይ ላይ የሚተክል ተማሪ ቢኖረው ኖሮ ያባርረው ነበር። ይህን ለአዛዡ ያቀበለው ማነው? «እመቤቴ እንደነገሩኝ» የሚለው ቃል በጆሮው አለፈ እንጂ ልቡ አልገባም፤ ዓይኑ ሄዶ ያረፈው በዝምታው ላይ ነበር። ዝምታው ደግሞ ሊናገር አፉን እየከፈተ ነበር።

«ከእኔ ይልቅ እሱን ይጠይቁት!» አለ አባ መኮትኮቻ፤ ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። «ባሉጥ ካልተተከለ ብሎ ለምን እንቅልፍ እንዳጣ ይጠይቁት! የቀድሞው ገዥ ዘበኞች በአንገታቸው የሚያደርጉት ምልክት ምን ነበር? የባሉጥ ቅጠል አይደለም እንዴ? ጌታዬ በመስኮት ባዩ ቁጥር የጠላታቸውን ምልክት እንዲያዩ ነው የሚፈልገው!»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ገዥው ከመቀመጫቸው ቀና አሉ። አዛዡ ወደ ምክትሉ ዞረ።

«እውነት ነው? ምልክታቸው ባሉጥ ነበር?»

«እውነት ነው» አለ ዝምታው።

«ታዲያ ለምን ባሉጡን መረጥክ?»

ዝምታው መምህሩን አየ። በዚያች ሰዓት አንዲት ዓረፍተ ነገር ብትወጣው ራሱ ነጻ ይወጣ፣ ሽማግሌው ይያዝ ነበር። ዓረፍተ ነገሯ አልወጣችም።

«ጥሩ ዛፍ ስለሆነ ነው» አለ።

በገዥው ትእዛዝ ዘቦቹ በዚያው እስረኞች ወደሚደክሙበት ድንጋይ መፍለጫ ወሰዱት። የባሉጡ ሣጥን ከነአሸዋው እሳት ገባ፤ ኮምጣጢት ረታች።

አባ መኮትኮቻ ማንንም ሳያስጠጋ፣ እያንዳንዷን በገዛ እጁ ተከላት። በቀን ሦስት ጊዜ ውሃ ያጠጣታል፤ በቀትር ጨርቅ ወጥሮ ያጠላላታል። ልቡ ግን አላረፈም፤ ዝምታው በግዞት ሆኖ ይናገር ይሆን እያለ፣ ከመፍለጫው የሚመጣ ጋሪ ሁሉ ለእሱ የሚመጣ ይመስለው ነበር። ሚስቱ አንድ ቤት እየኖሩ ማነጋገሯን ተወች። በጋው ሲበረታ ኮምጣጢት ቢጫ ሆነች፤ ቀጥላ ቡናማ፤ ወቅቱ ሳይጋመስ ቅጠሏ በጣት ሲነካ የሚፈረፈር ሆነ። አዛዡ በመስኮት ብቅ ብሎ መደቡን አየ፤ ፈገግም አለ።

«አልሆነልህም፤ አይደል?» አለ። «ግድ የለም። እመቤቲቱ የውሃ ገንዳ ይፈልጋሉ። ሰኞ ቆፋሪዎች ይገባሉ፤ ሁለት ሰው ቁመት።»

በማግስቱ የዝምታው ሚስት የባሏን መሣሪያዎች ልትወስድ ወደ መሣሪያ ቤቱ መጣች። ሰላምታ አልሰጠችውም። መቁረጫውን፣ አካፋውን፣ የተጠቀለለ ገመዱን ሰብስባ በጨርቅ አሰረች። ከወጣች በኋላ በሩ ላይ ቆመች፤ ፊቷን አላዞረችም።

«አባባ፣ አንድ ነገር ልንገርዎና ይውጣልኝ። እሱ ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ ያውቅ ነበር። የእጅ ጋሪውን ሲገፉ ቅጠሉ ተንሸራቶ የልጁን ጫማ አይቷል። ያን ዕለት በአትክልቱ በር ቆሞ ሰው እንዳይገባ ሲመልስ የዋለው ማን ይመስልዎታል?»

አባ መኮትኮቻ ወደ በሩ ተራመደ።

«ታዲያ... ታዲያ ባሉጡን ለምን? ጉድጓዱስ?»

«ምን ጉድጓድ?» አለች፤ አሁን ዞረች። «ለሸንጎው ሊል ያጠናውን እኔ ነኝ ስሰማው የነበርኩት። ባሉጥ ሥሩ ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ መነቀልና መዛወር አይወድም፤ ፍሬው እዚያው ቦታው ላይ፣ በሁለት ጣት ጥልቀት ይቀመጣል ሊል ነበር። ሁለት ጣት! የእርስዎን ሕግ በሸንጎ ፊት መሻሩ አሳፍሮት ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ ነበር ያደረው። ቅጠልማ ማንም መጥቶ ይፍቀዋል፤ ዛፍ ከበቀለ ግን ሦስት መቶ ዓመት የሚቆፍር አይኖርም፤ አባባም ያርፋሉ፤ ነው ያለኝ።»

ሄደች። ሽማግሌው ተገልብጦ በተቀመጠ ባልዲ ላይ ቁጭ አለ፤ አለቀሰም። ልጁ የሞተ ዕለት እንኳ እንዲህ አላለቀሰም ነበር፤ ያን ጊዜ የገደሉበት ሌሎች ናቸው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ተረት ለእሱ የተተረተ መሰለው። እስከ ሰኞ አራት ቀን ነበረው። አጥንቱን አውጥቶ ሌላ ቦታ መሸሸግ ይችል ነበር፤ ግን የሚሸሸገው ልጅ ሞቷል፤ ድንጋይ የሚፈልጠው በሕይወት አለ። ይህን አስቦ ወደ አዛዡ ክፍል ወጣ።

አዛዡ ጥፍሩን እየሞረደ ነበር።

«ጌታዬ፣ ስለ ምክትሌ የተናገርኩት ሐሰት ነው። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«እዚያ መደብ ሥር ልጄ አለ። የቀድሞው ገዥ ዘበኛ ነበር። አዋጁን አፍርሼ የቀበርኩት እኔ ነኝ። ሌላ ማንም አልነበረበትም፤ ሌላ ማንም አያውቅም።»

አዛዡ ሞረዱን አስቀመጠ። አልተቆጣም፤ ቅር ያለው ይመስል ነበር።

«ልጅህ ብቻ?» አለ። «ሌላ ነገር የለም?»

«ሌላ ምን ይኖራል?»

«እኔማ የቀድሞው ገዥ የብር ዕቃ ይሆናል ብዬ ነበር» አለና ተነፈሰ። «አንድ ነገር ልንገርህ ሽማግሌ። ባሉጡን ደግፈህ ብትናገር ኖሮ መደቡን ዳግመኛ አላስበውም ነበር። የጥላ ቅጠል ፀሐይ ላይ ካልተከልኩ ብሎ የሚማጸን የሠላሳ ዓመት አትክልተኛ ሳይ ግን፣ ይህ ሰው የሚሸፍነው ነገር አለ አልኩ። ገንዳውን ያሰበው ማን ይመስልሃል? እመቤቲቱ? እሳቸው ውሃ ይፈራሉ።»

ከዚያ አዛዡ ብራናውን ስቦ መጻፍ ጀመረ፤ ከመፍለጫው አንዱ እንዲወጣ፣ አንዱ እንዲገባ።

ሰኞ መደቡ ተቆፈረ። የወጣው አጥንት በአዋጁ መሠረት ወደ ገደሉ ተጫነ፤ እናትየው ከጋሪው ኋላ ተከትላ ዘቦቹ እስከከለከሏት ድረስ ሄደች፤ ከዚያም ጋሪው እስኪሰወር ቆማ አየችው። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አባ መኮትኮቻ እጁን ታስሮ ወደ ድንጋይ መፍለጫው ደረሰ። ዝምታው በበሩ እየወጣ ነበር፤ ጎብጧል፤ ቀኝ እጁ በጨርቅ ተጠቅልሎ ሁለት ጣት እንደጎደለው ያስታውቃል። ዘቦቹ ስለ ብራናው ማኅተም ሲነጋገሩ ሁለቱ ትይዩ ቆሙ።

«ልጄ...» አለ ሽማግሌው።

«አባባ» አለ ዝምታው፤ ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢኖር በተሻለ ነበር። «ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ አብረን ስንውል፣ ምነው አንድ ቀን ቢጠይቁኝ?»

ዘቡ ሽማግሌውን ገፋ አደረገው። በሩ ተዘጋ። አባ መኮትኮቻ ከመፍለጫው አልተመለሰም።

የዚያ ዘመን ታሪክ ጸሐፊ ይህን ሁሉ በአንድ መስመር አልፎታል፦ «በዚህ ዓመት ኮምጣጢት በአዳራሹ ፊት ተተክላ በአትክልተኛው ስንፍና ደረቀች፤ በስፍራዋም ገንዳ ተሠራ።» በቀን ሦስት ጊዜ ውሃ ያጠጣት የነበረው ሰው ሰነፍ ተብሎ ቀረ። የመስፍኑ ስም ከነማዕረጉ ተጽፏል፤ የእመቤቲቱም፤ የገንዳው ወርድና ቁመት እንኳ በክንድ ተለክቶ ተመዝግቧል። የሌላውን ሰው መቃብር ሁለት ዓመት በልቡ ተሸክሞ የኖረ አንድ ምክትል አትክልተኛ እንደነበረ ግን ጸሐፊው አላወቀም፤ ለማወቅም መንገድ አልነበረውም። በጊዜው ሊያውቅ ይችል የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም አልጠየቀም።